ዱሪ ዱሪ ያልተባለለት

ልጅ ሳለሁ፣ ነቀምቴ ላይ ክረምቱ ገብቶ መብራት በየምሽቱ ሲሄድ፣ ዋሲላ ፍቃዱ የከሰል ምድጃውን በረንዳ ላይ ያወጣና በቆሎ እሸት እየጠበሰ ያጫውተኝ ነበር። ዋሲላ ማለት እኛ ዘንድ የአባት ወንድም ነው። አባቴ እኔ ገና ስድህ ውጭ አገር ሄዶ ድምፁ ስለጠፋ፣ በቤቱ የነበረው ወንድ ታናሹ ዋሲላ ብቻ ነበር። ከአባቴ የቀረችን ለመታወቂያ የተነሳት አንዲት ጉርድ ፎቶ ናት፤ እሷም ላይ ከንፈሩን ገጥሞ፣ የተቆጣ መስሎ ያፈጥብኛል። እናቴ ስለ እሱ ስጠይቃት ዕቃ ማጠብ ትጀምራለች። ስለዚህ የምጠይቀው ዋሲላን ነበር።

ስለ ጅብና ቀበሮ ሲያወራ እንደ ማንኛውም የአገሩ ሰው «ዱሪ ዱሪ» ብሎ ይጀምራል። በኦሮምኛ የተረት መግቢያ ነው፤ እሱ ከተባለ ያኔ ጅቡ በእርግጥ ተናግሮ እንደሆነ የሚጠይቅ ልጅ የለም። አባቴን ሊጠይቅ ውጭ አገር ሄዶ እንደነበር ሲያወራ ግን እንዲያ ብሎ አያውቅም። ፍሙን በካርቶን ያራግብና በቀጥታ ይገባበታል። የሆቴሉ የሚሽከረከር የመስታወት በር ሻንጣውን ይዞበት አብሮ ሲዞር እንዳረፈደ፣ ታክሲ መስሎት የሙሽራ መኪና ውስጥ ገብቶ ከሚዜዎቹ ጋር ፎቶ እንደተነሳ፣ አጥቦ ሰገነት ላይ ያሰጣው ሱሪ ታች ምሳ በሚበላ ትልቅ ሹም ሾርባ ውስጥ ወድቆ እሱ በፎጣ ብቻ ፖሊስ ጣቢያ እንደተወሰደ ይነግረኛል። እዚህ ጋ ሲደርስ በቆሎዬን አስቀምጣለሁ፤ አባቴ የሚመጣው እዚህ ጋ ነዋ። ሱሪ አጣጥፎ በክንዱ ይዞ ይገባል፣ ወንድሙን በፎጣ ሲያየው መዳፉን አፉ ላይ ጭኖ ዕንባው እስኪወርድ ይስቃል።

«ከዚያስ?» እላለሁ።

«ከዚያማ፣ ኢንታላ ኮ» ይላል፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ «ስለ አንቺ ጠየቀኝ። ጥርስ አወጣች ወይ አለኝ።»

አራተኛ ክፍል ስደርስ ይህን ያልነገርኩት የክፍላችን ልጅ አልነበረም። አባት የላትም ለሚሉኝ ሁሉ መልሴ እሱ ነበር።

የዚያን ዓመት ትምህርት ሊዘጋ ሲል መምህራችን ቴሌቪዥንና ዲቪዲ ማጫወቻ አምጥቶ የፈረንጅ ኮሜዲ ከፈተልን፤ ዕረፍቱን ውጭ አገር ሊያሳልፍ ሄዶ የነካው ሁሉ ስለሚበላሽበት ሰውዬ ነበር። የመስታወቱ በር መጣ፣ ሻንጣው ተያዘ። ያኔ ገና አልገባኝም፤ ዋሲላ ላይ የደረሰው ሌላም ሰው ላይ የደረሰ መስሎኝ በደስታ «አሁን የሙሽራ መኪና ውስጥ ይገባል!» ብዬ ጮህኩ። ገባ። ልጆቹ ዞረው አዩኝ። «አሁን ሱሪው ይወድቃል» ያልኩት ግን በሹክሹክታ ነበር። ሾርባው ተረጨ፣ ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። የፖሊስ ጣቢያው በር ሲከፈት ሱሪ ይዞ የገባው ቀይ ጺም ያለው ወፍራም ፈረንጅ ነበር።

አጠገቤ የምትቀመጠው ጫልቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አባትሽ ይሄ ነው?» አለችኝ። እያሾፈች አልነበረም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ።

ምሽት ላይ ዋሲላን ምድጃውን ሲያያይዝ አገኘሁት።

«ፊልሙን አየሁት» አልኩት።

የትኛውን ብሎ አልጠየቀም። ማራገቡን አቆመ።

«አባቴን አላገኘኸውም?»

«ከአዲስ አበባ አላለፍኩም» አለ። «ፓስፖርቱ አልሆነም። ፊልሙን እዚያ ቪዲዮ ቤት ነው ያየሁት። እንድትስቂ ብዬ ነው፣ ኢንታላ ኮ።»

«ዱሪ ዱሪ አላልክም!» ብዬ ጮህኩበት። «ለጅብ እንኳ ትላለህ!»

የዚያን ምሽት በቆሎ ሳልበላ ወደ ቤት ገባሁ። ፊልም መሆኑ አይደለም ያንገበገበኝ። ስለ ጥርሴ የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ተረት አልጠየቅኩትም፣ እሱም አላወራኝም።

ባለፈው ክረምት ያንን ፊልም ስልኬ ላይ አገኘሁትና ልጆቼ ከተኙ በኋላ ብቻዬን አየሁት። ባለ ቀይ ጺሙ ሰውዬ ሱሪውን ይወረውርለትና ይቆጣዋል። አይስቅም፤ መዳፉንም አፉ ላይ አያደርግም። ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁ። በማግስቱ ዋሲላ አሁን ወደሚኖርበት ወደ ዲጋ በሚኒባስ ሄድኩ።

«ሳቁን ከየት አመጣኸው?» አልኩት፣ ገና ሳልቀመጥ።

ብዙ አላሰበም። «እሱ የአባትሽ የራሱ ነው። የፊት ጥርሱ ተሸርፎ ስለነበር ያፍርበታል፤ ሲስቅ ሁሌ እንዲያ ነው።»

«ታዲያ ለምን ያንን ብቻ አልነገርከኝም?»

«ያ ብቻ በአንድ ምሽት ያልቃል» አለ። «አንቺ ደግሞ በየምሽቱ ትጠይቂኝ ነበር።»

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የአባቴን ጉርድ ፎቶ ከቦርሳዬ አውጥቼ አየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የተቆጣ የመሰለኝ ሰው ለካ ጥርሱን ደብቆ ነው። እውነተኛው ነገር ያኔም እጄ ላይ ነበር፤ ሐሰቱን ስጥል አብሬ ጣልኩት፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ የነገረኝ አልነበረማ። ዋሲላን እወደዋለሁ፤ ይቅር ብዬዋለሁ ማለት ግን አልችልም። ያንን ሁሉ ሱሪና ሾርባ ለራሱ አስቀርቶ፣ ያቺን አንድ ምሽት ብቻ ቢሰጠኝ ይበቃኝ ነበር።