ስምዎን ለመዝገቡ

ማርላ ስቴንገር የተማሪ አውቶቡስ በነዳችባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት አንድም ልጅ መንገድ ላይ ጥላ ሄዳ አታውቅም። የገዛ ልጇን የቴሳን ፊት ከፎቶ ቆርጦ፣ ኮምፒውተር በፈጠረው ራቁት ገላ ላይ ቀጥሎ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ የበተነውን ጎረምሳ እንኳ አልተወችውም። በየጠዋቱ በሩን ትከፍትለታለች፤ እሱም ዓይኑን በጨው አጥቦ "እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ስቴንገር" ይላታል።

ምን ታድርግ? የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ፣ ሸሪፉ፣ ቁርጡን ነግሯታል። "ፊቱ የቴሳ ነው፤ ገላው ግን ማሽን የፈጠረው ነው። የኛ ክፍለ ግዛት ሕግ የሚያውቀው እውነተኛ ፎቶ ብቻ ነው።" ጉድ እኮ ነው! የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ እህል አልቀምስ ብላ፣ ፀጉሯን በወጥ ቤት መቀስ ከርክማ ስትጨርስ፣ እውነተኛ አይደለም ይላታል።

ቴሳን መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትኖረው አክስቷ ላከቻት። በአዲሱ ትምህርት ቤት ማንም ምንም አያውቅም። ልጅቷ ሰሞኑን መሳቅ ጀምራ ነበር።

ማሽን የፈጠረውንም ፎቶ የሚያስቀጣ አዲስ ሕግ ያረቀቁት ሴናተር ፔክ የደወሉት ይኼኔ ነው። "ኮሚቴው ፊት አንዲት እናት ካልተናገረች ረቂቁን መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል" አሏት።

"ሂጂ፣ እማ" አለቻት ቴሳ። "ብቻ እኔ መሆኔ እንዳይታወቅ።"

"እኔ ልሙት፣ አይታወቅም!"

ማርላ በበረዶ ሦስት ሰዓት ነድታ ምክር ቤቱ ደረሰች። ማይክሮፎኑ ፊት አስቀመጧት። ሰብሳቢው ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ፣ "ስምዎንና ከተማዎን፣ ለመዝገቡ" አሉ።

"ያለ ስም አይሆንም?"

"አይሆንም፣ እመቤቴ። ደንብ ነው። ያለዎት ሁለት ደቂቃ ነው።"

ካሜራው ፊት ለፊቷ ተደቅኗል፤ ስብሰባው ለሕዝብ በቀጥታ ይተላለፋል። በክፍለ ግዛቱ ስቴንገር የሚባል ሌላ ቤተሰብ የለም። ተነስታ ልትወጣ ወንበሩን ገፋ አደረገች። ግን ከተናገረች ያ ልጅ ሊቀጣ ነው፣ ዝም ካለች ደግሞ በነፃ ሊሄድ ነው፤ እንደዚያ ነበር የመሰላት።

"ማርላ ስቴንገር" አለች። "ከሃርሞን ክሪክ።"

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን እሷም በደንብ አታስታውሰውም። የኮሚቴው አባላት ግን አንድም ሳይቀሩ ረቂቁን ደግፈው እጃቸውን አወጡ።

ኮሪደሩ ላይ ፔክ እጇን ጨበጧት። "ከእንግዲህ ማንም አያቆመውም! እርስዎ ነዎት ያሳለፉት።"

"ልጁን መቼ ይይዙታል?"

"የቱን ልጅ?" አሉና ወዲያው ገባቸው። "ወይዘሮ ስቴንገር... ሕጉ እኮ ከመጪው ሐምሌ ጀምሮ ለሚፈጸም ድርጊት ነው። ወደ ኋላ አይሄድም። የነገርኩዎት መስሎኝ ነበር።"

አልነገሯትም። እሷም አልጠየቀችም፤ ሕግ ከወጣ ወጣ ነው ብላ ነበር።

መኪናዋ ውስጥ ሳለች ስልኩ ጮኸ።

"እማ፣ የክፍሌ ልጆች ቪዲዮውን እየተቀባበሉት ነው። 'ያቺ እናትሽ ናት?' ይሉኛል።" የቴሳ ድምፅ እንባ የለበትም፤ ማርላን ይበልጥ ያስፈራት እሱ ነው። "በቃ፣ ግድ የለም። አሁን ይከሱታል አይደል?"

"ቴሲዬ..."

"ይከሱታል ወይ ነው ያልኩሽ!"

"አይከሱትም። ሕጉ ከእንግዲህ ለሚመጡት ልጆች ነው፣ የኔ ቆንጆ።"

"እኔስ?" አለች ቴሳ።