በዶሮ ላባ የተያዘው የጾም ዓሣ

ዛሬ ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት፣ ምግብ ቤቴ ውስጥ ያለው እጅ ሁሉ በአንዴ ከትሪው ተነሣ። እስካሁን እንደደነገጥሁ ነኝ።

አስተማሪው ወዳጄ ከከተማችን ግድብ በታች ካለው ቀዝቃዛ ወንዝ ዓሣ አምጥቶልኝ ነበር። መንጠቆው ላይ ላባ አስሮ ዝንብ ያስመስላል፤ ዓሣው ይሞኛል። ለጿሚዎች በዘይት ጠበስሁት።

ሽማግሌው ደንበኛዬ ጋሽ ባዘዘው እየበሉ፣ አጠገባቸው የተቀመጠውን ወዳጄን "በምን ያዝኸው?" አሉት።

ኮራ ብሎ "በአውራ ዶሮ ላባ!"

"ዶሮ ሲበላ የሞተ ዓሣ ነው በዓርብ ያበላችሁን?"

"ጋሼ፣ አልዋጠውም እኮ! ከንፈሩ ላይ ነው የተያዘ።"

"ሊውጥ አይደል አፉን የከፈተ? በሐሳቡ ገድፏል!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ግን የሳቀውም ሽሮ አዘዘ።

ለረቡዕ በላባው ፋንታ ጥጥ እንዲያስር ለወዳጄ ነግሬዋለሁ። በእናንተስ አገር የጾም ዓሣ በምን ይያዛል?