የጎጀብ ሽሪምፕ ክንድ

ወንድሜ ከቦንጋ ሲደውልልኝ ድሬዳዋ፣ ፋርማሲ ውስጥ ተራ ይዤ ነበር። ባንኮኒው ላይ የፈሰሰው አልኮል ሸትቶኝ የአባታችን ጠረጴዛ ፊቴ ድቅን ብሎ ሳለ፣ ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እታለም፣ አባባ በሰጠመበት ቀን መጀመሪያ ከወንዙ ወጥቶ ነበር አሉ። ተመልሶ ነው የገባው» አለኝ። ይህን የነገሩት ሰሞኑን አንድ ለቅሶ ቤት አጠገቡ የተቀመጡ፣ ያኔ ከአባባ ጋር ጎጀብ ወርደው ከነበሩት ሁለት መምህራን አንዱ ናቸው። ለምን እንደተመለሰ ሲጠይቃቸው ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሥተው ሄዱ።

አባቴ የባዮሎጂ መምህር ነበር። በጋ ላይ ውሃው ሲጎድል ቅዳሜ ቅዳሜ ጎጀብ እየወረደ፣ ድንጋይ ሥር የሚደበቀውን የወንዝ ሽሪምፕ በመረብ እየያዘ ያመጣና፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ አጋድሞ በካሊፐር ይለካ ነበር። በወንዙ ውስጥ ሁለት ዘር አለ ብሎ ያምን ነበር፤ ባልደረቦቹ ደግሞ «ትንሹ የትልቁ ልጅ ነው፣ ክርስትና አንሣው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ጨርቁን እያራስኩለት አጠገቡ ስቀመጥ፣ «ቁመቱ አያታልልሽ፣ ቁመት በዕድሜ ይለወጣል። መቆንጠጫ ያለበትን እግር እዪ፤ ባንዱ ዘር ክንዱ ከመዳፉ ይረዝማል፣ በሌላው ያጥራል» ይለኝ ነበር። አንድ ዕቃ ውስጥ ከሆኑ ተጣልተው ክንዳቸውን ስለሚጥሉ፣ እያንዳንዱን ከወንዙ ጀምሮ በየብልቃጡ ለብቻ ይይዝ፣ ከለካው በኋላም አልኮል ጨምሮ ያኖረው ነበር።

ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላና አባባ ቤት ይውላል፤ ጭቅጭቁም ያኔ ይብስ ነበር። ክንፍና ቅርፊት የሌለው ፍጥረት ቤቷ መግባቱ እናቴን ዕረፍት ይነሣት ነበር። ስሙን አትጠራውም፣ «ያ ነገርህ» ነበር የምትለው። እሱን የነካ እጅ በሎሚና በአመድ ሳይታሽ ሊጥ አይነካም፤ በፍልሰታማ ብልቃጦቹ ሁሉ ወጥተው ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ይሰነብቱ ነበር። እኔ በሁለቱ መካከል ሆኜ፣ ማን ቀድሞ ይቆጣ ይሆን እያልኩ ፊት ፊታቸውን አይ ነበር።

መስከረም ጠብቶ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ አባባ ለልኬቱ የጎደሉት ትልልቅ ወንድ ሽሪምፖች ነበሩና መታገሥ አቃተው። ጠዋት ሊወጣ ሲል እናቴ በር ላይ ቆማ፣ «ውሃው ይውሰድልኝ ያን ነገርህን» አለችው። እሱም ሳቅ ብሎ ወጣ። ወደ ማታ ሁለቱ መምህራን ያለ እሱ በባጃጅ መጡና አንድ ባልዲ ደጃችን ላይ አስቀመጡ። ጎረቤቱ ሁሉ ሲጮህ እኔ ባልዲው ላይ ጎንበስ ብዬ ቀረሁ። ሽሪምፖቹ ባንድነት ተከምረው፣ የወላለቁ ክንዶች ሥሩ ላይ ተበትነው ነበር። አባባ እንዲህ አድርጎ አያስቀምጥም። ይህ ትርጉም የሰጠኝ ግን ከዚያ ስልክ በኋላ ነው፤ ክንዱ የወለቀ አይለካምና ሌላ ሊይዝ ነበር የተመለሰው።

እናቴ ያንን ቃሏን እስከ ዛሬ ትናዘዛለች። ንስሐ አባቷ ቢያጽናኗትም ዝናብ በጣለ ቁጥር ቆማ ታድራለች። ያኔ የሁለቱን ቁጣ እፈራ ነበር፤ አሁን፣ ዝናብ በማይበረክትበት አገር ሆኜ፣ የምፈራው በራሷ ላይ እንደፈረደች እንዳታልፍብኝ ነው።

እናንተ ያን ቀን ከእሱ ጋር የነበራችሁ፣ ሽሪምፖቹን ማን እንደቀላቀላቸው አልጠይቃችሁም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። እባካችሁ እናቴ ዘንድ ሂዱ፤ ለምን ተመልሶ ወደ ወንዙ እንደገባ ከአፋችሁ ትስማው።