ያልቀመስኩት ገንፎ

እስካለፈው ሰንበት ድረስ ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ ይህን ውጬው ስነሳ ኖሬያለሁ።

በአንድ ለአምስት በተደራጀንበት ዘመን ነው፤ ከዓለም ከተማ ወረድ ብሎ ባለው ቀበሌያችን። እስከ አራተኛ ክፍል ስለተማርኩና በጥንቃቄዬ ስለምታወቅ የሴቶቹ መሪ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን የልማት ሠራተኛዋ እንግዶች አስከትላ መጣችና ሁለት ገንፎ አቀረበችልን። አንዱ ከዱሮው በቆሏችን፣ ሌላው ከአዲስ ዘር። አዲሱ ሥጋና ወተት ለማያገኝ ልጅ አቅም ይሆናል አለች። ቅመሱት፣ ከወደዳችሁት ዘሩን እናመጣለን፣ ቅድሚያውም የከሳ ልጅ ላላት እናት ነው አለች። ሁላችንም ጎረቤቴን አስካለን አየናት። ልጇ ስንዱ ጡት ከጣለች ወዲህ እጅና እግሯ ቀጥኖ ነበር። አስካለ ወሬውን ቀድማ ሰምታ ለዘሩ ከጓሮዋ መሬት ለይታለት ነበር።

ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ገና ረፋድ። ጾም ነኝ ማለት ምን ያህል ይከብድ ኖሯል? ከሩቅ የመጣን ሰው እምቢ ማለት ነውር መሰለኝና ማንኪያውን ከንፈሬ አስነክቼ መለስኩት። ያኔ ዝም ብል ምን ነበረበት? አዲስ እህል ልጆቼን ያሳምምብኝ ይሆን እያልኩ ስፈራ ሰንብቼ ነበርና ፍርሃቴ ቀድሞኝ ተናገረ።

«ይሄኛው ይሸታል። ልጅ አይበላውም» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ሌሎቹም ተራ በተራ ማንኪያ እያነሱ «ይሸታል» አሉ። አስካለም አለች።

ዘሩ ወንዝ ተሻግሮ ለማዶ ቀበሌ ተሰጠ። አስካለ በለየችው መሬት ማሽላ ዘራችበት። ስንዱ ሁለት ክረምት ስትወድቅ ስትነሳ ከረመች። ወተት ይዤላት ስሄድ እናቷ «አንቺ ባትኖሪልኝ ምን ይውጠኝ ነበር!» ትለኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኋላ ማዶ ያለችው እህቴ ትኩስ ቂጣ አቀረበችልኝ። ጣፈጠኝ፤ ምን እህል ነው ብላት ሳቀች። «እናንተ ይሸታል ያላችሁት በቆሎ ነዋ! ምን ዓይነት አፍንጫ ነው የሰጣችሁ?» እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያ ሳቅ ሁለተኛው በደሌ ነው።

ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ ስንወጣ ለአስካለ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ግን ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አንቺዬ፣ እኔስ መች ቀመስኩ! ረቡዕ አልነበር? ያንቺን አፍ አይቼ ነው እኮ።»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ በሳቅ ይሁን በሌላ እንጃ። «እግዜር ይፍታሽ» አለችኝ።

ስንት ዓመት የተሸከምኩት ወረደልኝ። ግን ጾሙን ምክንያት አላደርግም። አፌን ከገንፎ ከልክዬ ከሐሰት ካልከለከልኩት ምን ጾምኩ? እነሱ የእኔን አፍ አዩ፤ እኔስ የማንን አየሁ? ሁላችንም አልቀመስንም ይሆናል፤ ቀድሜ የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ።

ሐሙስ ዕለት እህቴ በላከችልኝ በቆሎ ከአስካለ ጋር ገንፎ አገነፋን። ስንዱ ዛሬ ደህና ናት፤ ከትምህርት ቤት መጥታ ቀመሰችና «ይጣፍጣል! ምን ብላችሁ ጠላችሁት?» አለችን።

አስካለ ወደ እኔ ዞረች። መልሱን ለእሷ አልተውኩም።

«ልጄ፣ የበደልኩሽ እኔ ነኝ» አልኩና ከረቡዑ ጀመርኩላት።