ሁለቱ መቀናጆዎች

ባሌ አእምሮው ፈጣን ነበር። ይህን የምለው ላሞግሰው ብዬ አይደለም፤ አብሬው የኖርኩት እኔ ነኝ፣ የፈጣን ሰው ሚስት መሆን ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ሰው ወሬ ሲጀምርለት እሱ መጨረሻው ላይ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቃል። እኔ «ዛሬ ገበያ ሄጄ» ብዬ ስጀምር «ጨው ተወዶብሽ ባዶ እጅሽን ተመለስሽ» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ጨው ተወዷል፣ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። እኔ ግን ላወራ ያሰብኩት ስለ ጨው አልነበረም፤ መንገድ ላይ ያየሁትን ልነግረው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መናገሩን ተውኩት።

ሰፈራችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቀና ሲሉ የጮቄ ተራራ ከሚታይበት ደጋ ነው። ገብስና ድንች ይበቅልበታል፤ ሰው ሁሉ በርስት ይካሰስበታል። ርስት የሚሟገት ሰው የትውልድ ሐረጉን ከላይ ጀምሮ መቁጠር አለበት። ባሌ የራሱን ብቻ ሳይሆን የአጥቢያውን ሰው ሁሉ ሐረግ በቃሉ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ሙግት ያለበት ሁሉ ወደ ቤታችን ይመጣል። ይጠይቃል፣ ይነገረዋል፣ አመስግኖ ይሄዳል። ቁጭ ብሎ የሚጫወት አልነበረም። ሰርግ ላይ እንኳ እሱ ከተቀመጠበት አጠገብ ያለው ቦታ የሚሞላው ሌላው ሁሉ ከሞላ በኋላ ነው። ሰዎቹ ይጠሉታል ማለቴ አይደለም። ሊናገሩ ያሰቡትን ከእነሱ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ፊት ሲሆኑ ግን አንደበታቸው ይተሳሰራል። እሱም ይህን ያውቅ ነበር፤ ማኅበር ላይ ጸሎቱ እንዳበቃ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነበር።

ወዳጅ የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነበረው። ይህ ሰው ጎረቤታችን ነው፤ የመጀመሪያ ልጃችንን ክርስትና ስላነሳ አበልጃችን ሆኗል። ግዙፍ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ነገር ግን ነገር ቶሎ የማይገባው ሰው። ዛሬ የተቀለደው ቀልድ ነገ እርፍ ይዞ ሳለ ይገባውና ብቻውን ይስቃል። ሰው ሁሉ ይወደዋል። እሱ ባለበት ማንም ተጠንቅቆ አይናገርም፣ ማንም ሞኝ መስሎ እንዳይታይ አይሠጋም። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ያለው አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው።

ሁለቱን ምን እንዳገናኛቸው ብዙ ሰው ይገርመው ነበር። እኔን አይገርመኝም፤ ሲጫወቱ እሰማቸዋለሁና። ባሌ አንድ ነገር ያስረዳዋል። አበልጃችን ትንሽ ቆይቶ ያንኑ መልሶ ይጠይቀዋል። ባሌ እንደገና ያስረዳዋል። ሌላው ሰው ባሌን ሁለተኛ ጊዜ መጠየቅ ያፍራል፤ እሱ አያፍርም። ሲታረምም አይከፋውም፣ እንደታረመ እንኳ አያስተውልም። ባሌ በሰው ፊት ሲስቅ ያየሁት ከእሱ ጋር ብቻ ነው። እሱን ካጣ ሌላ እንደማይኖረው እኔም አውቅ ነበር፣ እሱም ያውቅ ነበር።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ለወታደሩ ስንቅ እያለ ከብት ይነዳ ጀመር። እኛም አንድ በሬ ቀረን፣ አበልጃችንም አንድ በሬ ቀረው። በአንድ በሬ አይታረስም። እንዲህ ሲሆን ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን አንድ ላይ ጠምደው ተራ በተራ ያርሳሉ፤ መቀናጆ ይባላሉ። መቀናጆ እንደ ጋብቻ ነው፤ አንዱ ካኮረፈ ሁለቱም ቤት ይራባል። ብዙዎች ከባሌ ጋር ለመቀናጀት አልደፈሩም። አበልጃችን ግን በሬውን እየነዳ ራሱ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን የእኛን፣ አንድ ቀን የእሱን ያርሱ ነበር።

በዚያው በጋ የአበልጃችን ልጅ ጫካ ገባ። ከመንገዱ ዳር ጣሊያን የሠራው ኬላ አለ፤ ጠባቂዎቹ የአገር ሰዎች ናቸው፣ ልጁ ጫካ የገባበትን ቤት ካወቁ ያቃጥሉታል። ስለዚህ ልጁ ቁይ የሚባል አገር ወርዶ ለሰው ተቀጥሮ ያርሳል ተባለ። ሁላችንም እንዲህ አልን።

ዝናብ ሊጥል ሲል ከልጁ ጋር የነበረ አንድ አርበኛ ገበሬ መስሎ መጣ። የመጣው ወደ አበልጃችን የነፍስ አባት ነበር። መንገድ ላይ ግን አባትየው ራሱ አገኘው፤ ከልጁ ጋር ጫካ መግባቱን ያውቅ ነበርና ስለ ልጁ ጠየቀው። ሰውዬው እውነቱን ለመናገር አንደበት አጣ። ልጁ ደህና ነው አለው። የያዘውን የብር መስቀልም ከነክሩ አውጥቶ ሰጠው፤ የማተቡ ክር አልቆ ስለተበጠሰ ሌላ ክር አስሯል፣ መስቀሉን ግን ጫካ ውስጥ እንዳይጠፋበት አባቴ ያስቀምጥልኝ ብሏል አለው። አባትየው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ገባ። ሰውዬው ወደ ነፍስ አባቱ ሄዶ ልጁ መሞቱን፣ የቀበረውም ራሱ መሆኑን ተናገረ።

በእኛ አገር መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የነፍስ አባቱን አስቀድሞ፣ ጎሕ ሲቀድ ሰውዬው ከቤቱ ሳይወጣ ይነግሩታል። ሲወድቅ የሚይዘው ሰው መኖር አለበት። ብቻውን ወይም በድንገት መርዶ የሰማ ሰው እንደተበደለ ይቆጠራል። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረበት፤ ለቅሶው ኬላው ድረስ ከተሰማ ቤቱ ይቃጠላል። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው የዘር ሥራው እስኪያልቅ ይቆይ አሉ። ከዚያ እንሳለም ብለው ወደ ደብረ ወርቅ ይወስዱታል፣ እዚያ ማንም በማያውቀው አገር ይነግሩታል፣ እንደልቡም ያለቅሳል። ነገሩ ከቤት ወደ ቤት ዞረ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ አጥቢያው በሙሉ አወቀው።

እንዳይሰሙ የተደረጉት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ አባትየው ነው። ሌላው ባሌ ነው።

እኔ የሰማሁት ውሃ ስቀዳ ከነፍስ አባቱ ሚስት ነው። ለባሌ እንዳልነግረው በማርያም አስማለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ይገባኛልና። ባሌ ክፉ ሰው አይደለም፣ ነገር ግን ስህተት ሲሰማ ሳያርም ማለፍ አይችልም። አበልጃችን እርሻ ላይ «ልጄ ለመስቀል ይመጣ ይሆን?» ቢለው፣ መልሱን እያወቀ ዝም የሚልበት አቅም የለውም። ስለዚህ ማልኩ፤ ዝምም አልኩ። ዛሬ ቢሆንም እንደዚያው አደርጋለሁ።

ዘሩ ሊያልቅ ተቃርቦ፣ የአበልጃችን የላይኛው ማሳ ብቻ ሲቀር የማርያም ማኅበር ደረሰ። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ዞሮ፣ ሰው ሁሉ ሞቅ ብሎታል። አበልጃችን በተለይ ደስ ብሎታል፤ እንደ ልማዱ ሊነሳ የነበረውን ባሌንም ይዞ አስቀርቶታል። መስቀሉን ለማንም እንዳያሳይ የነፍስ አባቱ መክረውት ነበር፤ ያን ቀን ግን ከጉያው አወጣውና አጠገቡ ለተቀመጠው ለባሌ ሰጠው። የልጁ እንደሆነ፣ ክሩ አልቆ ስለተበጠሰ እንደላከለት ነገረው።

ቤቱ ጸጥ አለ። ባሌ ጸጥታውን አልሰማም፤ ክሩን እያየ ነበር። ከሴቶቹ መካከል ሆኜ ዓይኑን ፈለግሁት፣ አላገኘሁትም። ክሩን በሁለት ጣቱ ይዞ ጫፉን ወደ ብርሃን አዞረው። ያን ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ነገር ሲገለጥለት ደስ የሚለው ፊቱ ነው።

«ይኼ ክር አላለቀም» አለ። «በቢላ ነው የተቆረጠው። በሕይወት ያለ ሰው ማተቡን በቢላ አያስቆርጥም።»

አበልጃችን እንደ ልማዱ መልሶ ጠየቀው። «ምን ማለትህ ነው?»

«የቆረጠው የቀበረው ሰው ነው ማለቴ ነው።»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የተናገረው የገባው። ቀና ብሎ ሰዉን አየ። አንድም ሰው አልደነገጠም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል። ባሌ ዓይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዞረ መጨረሻ ላይ እኔ ላይ ደረሰ፤ እኔም አንገቴን ደፋሁ። አበልጃችን ነገሩ እስኪገባው ድረስ ሁላችንም ጠበቅን። ሲገባው ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ሁለት ሰዎች ተነሥተው ያዙት፣ ጩኸቱ ኬላው ድረስ እንዳይሰማ በጋቢ አፉን አፈኑት። ያ ግዙፍ ሰው ጋቢው ውስጥ ሲያለቅስ ቆይቶ ደከመ። ባሌ መስቀሉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ የሚቀበለው ሰው አልነበረም።

እቤት እንደገባን ጠየቀኝ።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ለእሱ ያልነገሩት አዝነውለት ነው። ለእኔስ?»

ጎንበስ ብዬ እሳቱን ማቆስቆስ ጀመርኩ። መልስ የሚያስፈልገው ሰው አይደለም። ራሱ ሲደርስበት ፊቱን አየሁት። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያን ዕለት አሳዝኖኝ አያውቅም፤ እንደዚያን ዕለትም ተናድጄበት አላውቅም።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ አበልጃችንን ወደ ደብረ ወርቅ ወሰዱት። ለኬላው ጠባቂዎች እዚያ ያለች አሮጊት አክስቱ ሞታ ነው ተባለ። ባሌን ና አብረን እንሂድ ያለው ሰው አልነበረም። እሱም አልጠየቀም። ሁለቱን በሬዎች ጠመደና የአበልጃችንን የላይኛውን ማሳ ብቻውን አርሶ ዘራው። የማኅበሩ ሰዎች በማሳው አጠገብ እያለፉ ያዩታል፤ «እግዚአብሔር ያበርታህ» ብለውት ያልፋሉ፣ ቆም አይሉም። ከማሳ ሲገባ እግሩን አጥባለሁ፣ ራት አቀርባለሁ፣ በልቶ ይተኛል። በሬው እስከ መቼ በእኛ ደጅ እንደሚቆይ እያሰበ እንደሆነ ይታወቀኛል። አበልጃችን ከደብረ ወርቅ ሲመለስ በሬውን በሰው ያስወስድና ሌላ መቀናጆ ይፈልጋል ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ያወራ ነበር። ሁለት ሦስት ሰዎች ከወዲሁ በሬያቸውን ይዘው ወደ አበልጃችን ለመቅረብ አስበው ነበር።

አበልጃችን ተመለሰ። በሬውን አላስወሰደም፤ ራሱም አልመጣም። ሰው እየገባ እየወጣ ያስተዛዝነዋል። ባሌ ሁለት ጊዜ እስከ ደጁ ሄዶ ሳይገባ ተመለሰ። እኔ ገብቼ ነበር፤ አበልጃችን እጄን ይዞ አለቀሰ፣ አብሬው አለቀስኩ።

መርዶውን ከሰማ አርባ ቀን ሲያልፍ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ አበልጃችን ደጃችን ላይ ቆመ። ክረምቱ ከብዷል፣ ልብሱ ረጥቧል። ባሌ ተነሥቶ ቆመ፣ ግባ ማለት እንኳ አቃተው።

«ሁሉም ያውቁ ነበር አሉኝ» አለ አበልጃችን።

«አዎ» አለ ባሌ።

«አንተስ?»

«አላውቅም ነበር። ያወቅሁት መስቀሉን ሳየው ነው።»

«ባወቅህ ጊዜ ነገርኸኝ።»

«ነገርሁህ።»

አበልጃችን ማሰብ ጀመረ። እሱ ሲያስብ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ዝናቡ ሣሩ ላይ ይወርዳል፣ እሱ ያስባል፣ እኛ ቆመን እንጠብቃለን።

«እንግዲያው ያልዋሸኸኝ አንተ ብቻ ነህ» አለ።

ባሌ አፉን ከፈተ። ሊል ያሰበው ገብቶኛል፤ ለአንድ ጊዜ እኔም ቀደምኩት። ባሌ ያን ቀን የተናገረው አበልጃችንን ወዶት አይደለም፣ አዝኖለትም አይደለም፣ አንደበቱን መያዝ ስላቃተው ነው። እውነቱ ይኸው ነው፣ እሱም ያውቀዋል። ያንን ሊያርም ነበር። አፉን መልሶ ዘጋው። ከዚያ «ግባ፣ ትበርዳለህ» አለው።

አበልጃችን እየገባ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ አበልጅ? ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። አልተቆጣኝም፤ ቂም የሚይዝበት ልብ የለውም። ጣሊያን እስኪወጣ፣ ከወጣም በኋላ፣ ሁለቱ መቀናጆ እንደሆኑ ቆዩ። ሌላው ሰው ባሌን መራቁን አልተወም። አበልጃችን ግን ማታ ማታ ይመጣል፣ እጁን አስታጥበዋለሁ፣ ያቀረብኩለትን ይበላል፣ ስለ ዝናቡም ስለ ከብቱም ከእኔ ጋር ይጫወታል። ስለ ልጁ ግን በፊቴ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። ወደ ጓዳ ስገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጀምራል፤ ልጁ እንዲህ ብሎ ነበር፣ እንዲህ አድርጎ ነበር ይላል። ዓመቱን ያዛባል፣ ትናንት ያወራውን መልሶ ያወራል። ባሌ አያርመውም። እኔ ከጓዳ ስወጣ ሁለቱም ዝም ይላሉ።