የአያ ይስሐቅ ብረት

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው «ቡዳ ነው» ከሚባል ሰው ቤት ነበር። አያ ይስሐቅ ከደብረ ኤልያስ ገበያ ዳር፣ ከአባቴ የእህል ሱቅ ጀርባ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ቤተ እስራኤላዊ ነው። የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ማረሻውን የሚያሠራው እሱ ዘንድ ቢሆንም፣ ከቤቱ ውሃ ጠጥቶ የሚሄድ ሰው ግን አልነበረም። እናቴም እንዳልሄድ ብትከለክለኝ አልሰማ ስላት ነጭ ሽንኩርት በቀሚሴ ጫፍ ቋጥራ መልቀቅ ጀመረች። ሽንኩርቱ ቡዳ ያባርር አያባርር እንጃ፣ እኔን ግን ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ አሳጥቶኝ ነበር።

ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ በቀጥታ ወደ እሱ ነው። ያኔ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀምራለች፤ ወናፉ ቆሟል፤ ሚስቱ እማዋይሽ ለሰንበት ቤቱን ትጠርጋለች፤ እሱ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን ማጥፋት ስላለበት ፍሙን እየበተነ ውሃ ሲረጭበት፣ ጭሱና እንፋሎቱ ተቀላቅሎ ዓይኔን እያስነባ፣ ተረቱን ይጀምራል። በእሱ ተረት ውስጥ ጅብና አህያ የሉም። ሁሉም ስለ ሥራ ነው። ከሁሉ በፊት ሠራተኛው እግዜር ነው፣ ስድስት ቀን ሠርቶ ሥራውን አይቶ ደስ ያለው፤ ስለዚህ ሥራውን የሚያበላሽ ሰው ያንን ደስታ ይሰርቃል ይለኝ ነበር።

አንድ ልማድም ነበረው። የሚከፈለውን ሳንቲም በእጁ አይቀበልም፤ ውሃ የሞላበት ጣሳ ውስጥ ያስጥለዋል። ሰዎች «ንቆን ነው» እያሉ ይቀየሙታል። እኔ ስጠይቀው ግን፣ «ገንዘብ ስንት እጅ ያልፋል፣ ልጄ! የማን እንባ እንዳለበት በምን አውቄ?» አለኝ።

የዚያን ዓመት በነሱ ቤት የሚወራው ስለ ጉዞ ብቻ ነበር። ዘመዶቻቸው አዲስ አበባ ገብተው ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱበትን ተራ ይጠብቃሉ። የእማዋይሽ እናትም እዚያው አልጋ ላይ ውላ «ልጄን ሳላይ እንዳልሞት» እያለች ትልካለች። የቀራቸው መሳፈሪያና እዚያ እስኪሳካ የሚበሉት ነበር።

አንድ ዓርብ አባቴ የኪሎውን መመዘኛ ብረት በጋቢው ሸሽጎ ገባ። እኔ ከወናፉ ጀርባ ነበርኩና አላየኝም።

«ይስሐቅ፣ ሥራ አምጥቼልሃለሁ። ይኼን ከሥሩ ፈልፍልልኝ፤ ከላይ እንዳያስታውቅ። ለነገ ገበያ ይድረስልኝ።» ከዚያም የወረቀት ብር አውጥቶ ብረት በሚቀጠቀጥበት መስፍ ላይ አስቀመጠ። «አንተንም ሚስትህንም አዲስ አበባ ያደርሳችኋል።»

የእማዋይሽ መጥረጊያ ቆመ። አያ ይስሐቅ ቀና ብሎ አያት፤ እሷም አየችው። ከዚያ መጥረጊያው እንደገና ቀስ ብሎ መጥረግ ጀመረ።

«አያ ሞላ፣ ሌላ ገንዘብ ቢሆን አጥበው ነበር» አለ። «ይኼን ግን ውሃ አያጠራውም።»

አባቴ ብሩንም ብረቱንም ሰበሰበ። «ድሮም ቡዳ! ሰው መስለኸኝ ነው እንጂ!» ብሎ ወጣ። አባቴ በመሆኑ አፈርኩ፤ ስላፈርኩበት ደግሞ አለቀስኩ።

አያ ይስሐቅ ያን ቀንም ተረቱን አላስቀረብኝም። ፍሙ ላይ ውሃ እየረጨ፣ «እስራኤል በበረሃ ሳሉ እግዜር ድንኳን ሥሩልኝ አለ» ብሎ ጀመረ። «ታዲያ በመንፈሱ የሞላው ማንን መሰለሽ? እንደኔ ጥላሸት የለበሰ ባለእጅን ነው። ሕዝቡ ጉትቻውንም አምባሩንም እያወለቀ ፊቱ ከመረለት። ያ ሁሉ ወርቅ በእጁ አለፈ፤ በጥፍሩ ሥር አንዲት ፍንጣቂ አልቀረችም።»

«ታዲያ ለራሱ ምን ቀረለት?» አልኩት።

«እጁ» አለኝ።

አባቴ ብረቱን ደብረ ማርቆስ ወስዶ አስፈለፈለው። በገበያውም «የይስሐቅ ማረሻ በሬ ይበላል» የሚል ወሬ ነዛ፤ ገበሬውም መራቅ ጀመረ። እነ አያ ይስሐቅ መስፉንና መዶሻውን ሸጠው መንገድ የጀመሩት ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። በሄዱበት ጠዋት ደጃችን ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ አዲስ የኪሎ ብረት ተገኘ። የጎረቤት ሴት የአያ ይስሐቅን መልእክት አደረሰች፦ «ለመሸጫ ብቻ ነው በሉት» ብሏል።

አባቴ ከጎረቤት ትክክለኛ ኪሎ ጋር ቢያስተያየው አንድ እፍኝ ጤፍ ያህል ይበልጣል። «በዚህ ልሽጥና ልክሰር?» ብሎ ሳቀና ከባንኮኒው ሥር ወረወረው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ እነ አያ ይስሐቅን ያሳፈረ ሾፌር ሱቃችን ቆሞ ሲያወራ፣ የእማዋይሽ እናት ልጇ ሳትደርስላት በክረምቱ መሞቷን ነገረን። አባቴ ለአንዲት ሴት ጤፍ እየመዘነ ነበር። እጁ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ያን ብረት ከባንኮኒው ሥር አወጣና፣ አቧራውን በጋቢው ጠርጎ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው። ሴትዮዋ «ምነው በዛ?» ብላ ደነገጠች። የተፈለፈለውን ብረት ማታውኑ ሽንት ቤት ጉድጓድ ሲጥለው አይቻለሁ። እስኪሞት በዚያ በአዲሱ ሸጠ፤ ስለ አያ ይስሐቅ ግን አንድ ቀን አንሥቶ አያውቅም።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ የራሴ የእህል ሱቅ አለኝ። ሚዛኑ የኤሌክትሪክ ስለሆነ ብረት አይፈልግም፤ እኔ ግን ቁጥሩ ከሞላ በኋላ አንድ እፍኝ እጨምራለሁ። ለብዙ ዘመን ይህን ያስተማረኝ አያ ይስሐቅ ነው እል ነበር። አሁን ዕድሜዬ ሲገፋ፣ እናቴንም ቀብሬ ስመለስ፣ ከተረቶቹ ሁሉ ይልቅ የሚሰማኝ ያ መጥረጊያ ነው። እማዋይሽ ያን ጊዜ «ተቀበለው፣ እናቴን ልይ» ብትል ማን ይፈርድባታል? እሷ ግን ሰንበት ሊገባ ነውና ቤቷን ጠረገች።

እፍኟን ስጨምር ደንበኞቼ ይመርቁኛል። እኔም በልቤ፣ ለእማዋይሽ ይድረሳት እላለሁ።