የሰርፀ ትከሻና ረጅሟ ኳስ

የሰርፀ ትከሻ የወለቀው ባለፈው ዓመት ነው። ሮማ አጠገብ ባለችው ኦስቲያ በሚጫወትበት የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ኳስ ወርዋሪው እሱ ነው። ያን ቀን በረጅሙ ሊወረውር አስቦ፣ ተቀባዩ እስኪርቅለት ኳሷን ይዞ ሲጠብቅ አንድ ግዙፍ ተከላካይ ከጎን መጥቶ ከመሬት ደባለቀው። የሚተዳደረው በባዳንቴነት፣ ማለትም በቤት አስታማሚነት፣ አንድ የታመሙ ሽማግሌ እያነሳ እያስተኛ ነበርና ትከሻው እስኪድን ሥራውም ሄደ። ሌላ እስኪያገኝ ብዙ ደጅ ጠና።

ከዚያ ወዲህ ረጅም መወርወር ተወ። ኳሷ እጁ እንደገባች ቅርብ ላለው ሰው ይለቃታል። አሰልጣኟ ማርቲም ወደደችለት። "አጭር አጭሩ ይሻላል፣ ኳስ አይባክንም" ትላለች። ፍርሃት መሆኑ የገባው ተቀባዩ ሰላሙ ብቻ ነበር።

በዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ግን ተጋጣሚዎቹ ነቁበት። ሁሉም ወደ ፊት ተጠግተው አጭሩን መንገድ ዘጉ። አንዷን ኳስ ከአየር ላይ ቀምተው አገቡበት። የእነሰርፀ ቡድን እየተመራ ሰዓቱ ሊያልቅ ተቃረበ።

ተጫዋቾቹ ክብ ሠርተው ሲመካከሩ ሰላሙ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

"ከኋላቸው ማንም የለም። አንዴ ብቻ ወርውርልኝ።"

"ማርቲ አጭሩን ነው ያለችው።"

"የፈራችው ማርቲ አይደለችም።"

ሰርፀ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ኳሷን ተቀበለ። ቅርብ ያለውን ሰው ሁለት ተከላካዮች ይዘውታል። ሰላሙ እየሮጠ ነው፣ ገና አልራቀም። በግራ በኩል የሚገሰግስ ኮቴ ሰማ። ሰውነቱ ሁሉ ልቀቃት አለው፤ እሱ ግን ያዛት። ሰላሙ ሲያመልጥ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረ፤ ወዲያው ተመትቶ በጀርባው ወደቀ።

ኳሷ የት እንዳረፈች አላየም። የተመልካቹን የቁጭት ድምፅ ግን ሰማ። ሰላሙ በጣቱ ጫፍ ነክቷት አምልጣዋለች፤ ገና አንድ ሙከራ ግን ቀርቷቸዋል።

ሰርፀ መጀመሪያ ክንዱን አነሳ። ተነሳለት። ቀና ሲል ማርቲ ከዳር ሆና ራሷን ይዛለች። ተከላካዮቹ ደግሞ ዳግም እንዳይታለፉ ሰግተው ወደ ኋላ ሸሽተዋል።

"አሁን አጭሩን" አለው ሰላሙን።

ሰላሙ ጥቂት ሮጦ ድንገት ዞረ። ኳሷ ደረቱ ላይ አረፈች። ከፊቱ ሜዳው ክፍት ነበር፤ አንድ ሰው እግሩን ቢይዘውም እየጎተተው የማግቢያውን መስመር አለፈ።

ማርቲ ሰርፀን ከጨዋታው በኋላ ጠራችው። "ቫ ቤኔ፣ ይሁን። ሁለተኛ ግን ሳትነግረኝ እንዳታደርገው።"

ወደ ሮማ በሚመልሳቸው ባቡር ሰላሙ መስኮቱን ተደግፎ የጣቶቹን ጫፍ ያያል።

"አሸነፍን እኮ" አለው ሰርፀ።

"ያቺን ረጅሟን መያዝ ነበረብኝ።"

"ልምምድ ላይ እንደጋግማታለና" አለው ሰርፀ፣ ትከሻውን እያሻሸ።